ባትሪ የሚጠየቀው በቀን ነው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ከተከራየሽ ወዲህ የገዛሻቸው ባትሪዎች ሁሉ በውሰት ወጥተው መቅረታቸውን እናትሽ ነገረችኝ። «ብጠይቅ ይቀየሙኛል፣ ዝም ብል በጨለማ መቀመጤ ነው» ብለሻል አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሰኞ ገበያ አጠገብ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የእጅ ባትሪና የባትሪ ድንጋይ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሱቅ ላይ የቆመ ሰው ማን ለማን ምን እንዳዋሰ፣ ማን ከማን ጋር በምን እንደተኳረፈ ሳይጠይቅ ይሰማል። ምክሬን በቁጥር ያደረግሁት ለመያዝ እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ክብደት ኖሮት አይደለም።

1. ባትሪ የሚቀረው ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ወንፊት ብታውሺ ጎረቤትሽ በማግስቱ ዱቄት ስትነፋ ታየዋለች፤ «የማን ነው?» ብላ ትመልሳለች። መጥረቢያም ደጅ ላይ ተጋድሞ ባለቤቱን ያስታውሳል። የባትሪ ሥራ ግን ሲነጋ ያልቃል። መብራት መጣ ሲባል ትራስ ሥር ይገባል ወይም ቁም ሳጥን ላይ ይወረወራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስበው የለም። አንቺም ብትሆኚ ትዝ የሚልሽ መብራት ዳግመኛ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የጠፋው ያንቺ ቤት ብቻ አይደለም፤ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። ባትሪሽን የምትፈልጊበት ሰዓትና ጎረቤትሽ አጥብቃ የያዘችበት ሰዓት አንድ ነው። በሯን አንኳኩተሽ «ባትሪዬን» ስትያት ሕፃን ካቀፈች ሴት እጅ መንጠቅ ይመስልብሻል፤ ለእሷም እንደዚያው ይሰማታል። ቂሙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ፦ ባትሪ የሚጠየቀው በቀን ነው። ፀሐይ በወጣበት፣ መብራት ባለበት፣ ማንም በማያስፈልገው ሰዓት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብትጠይቂ የሚከፋው ሰው የለም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መብራት በጠፋበት፣ ያው ጥያቄ ጸብ ነው።

«የህዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላ ባትሪ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ግድቡ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እሰየው። ነገር ግን ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ሆጤ ያለው ሽቦ ረጅም ነው። ነፋስ ሽቦን ከሽቦ ያማታል፣ የክረምት ዝናብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይጥልበታል፣ የሰፈር ትራንስፎርመርም የተጫነበትን ሁሉ አይችልም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ገና ጡረታ አልወጣም።

2. ቀፎው ውሰት ነው፤ ድንጋዩን ግን እንደሰጠሽ ቁጠሪው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሁለቱን ነገር ለይቶ ነው ያስቀመጠው፦ ገንዘብ ወይም እህል የተበደረ ሰው ዓይነቱንና ልኩን ይመልሳል፣ ዕቃ የተዋሰ ግን ያንኑ ዕቃ ይመልሳል። ጤፍ የተበደረችሽ ጎረቤት የወሰደችውን ፍሬ አታመጣልሽም፤ ሙቀጫ የወሰደች ግን ያንኑ ሙቀጫ ታመጣለች። የእጅ ባትሪ ችግሩ ሁለቱንም መሆኑ ነው። ቀፎው ይመለሳል፤ ጉልበቱ ተበልቷል። ሱቄ ደጃፍ ላይ የሰማሁት ጸብ ሁሉ በቀፎው የተነሳ አልነበረም። «ሙሉ ድንጋይ አድርጌ ሰጥቻት ደክሞ መለሰችልኝ» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ሳትሰብር፣ ሳትጥል በመመለሷ ምስጋና ስትጠብቅ ፊት ተነሳች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ድንጋዩን ለመስጠት ካልቻልሽ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀፎውን ባዶውን ስጪ። «ባትሪዋ እነሆ፤ ድንጋይ ግን የለኝም፣ ከሱቅ ያዢ» ብትያት ማንም አይቀየምሽም። ባዶ ባትሪ ይዞ መጥቶ ሁለት ድንጋይ የሚገዛ ሰው ለእኛ ለባለሱቆች የዘወትር ደንበኛ ነበር። ድንጋዩን የገዛው ራሱ ስለሆነም ሲመልስ ድንጋዩን አውጥቶ ያስቀራል፤ ሒሳቡ ያኔውኑ ተዘጋ ማለት ነው። አዲስ ድንጋይ አስገብታ የመለሰችልሽ ከተገኘች ደግሞ «ምን አስቸገረሽ!» እያልሽ አትግደርደሪ። ተቀበያት፣ አመስግኛት።

3. የምታውሺውን ዕቃ ዕወቂ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሚበላሽበትም መንገድ ይለያያል።

የቀድሞው በድንጋይ የሚሠራው ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ርካሹ ድንጋይ ቆርቆሮው ዚንክ ነው፤ መብራቱን የሚሰጥሽም ዚንኩ ራሱ እየተበላ ነው። ለዚህ ነው ያረጀ ድንጋይ ግድግዳው ሳስቶ የሚያፈሰው፣ ስፕሪንጉንም የሚያዝገው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር አታደባልቂ፤ ጉልበት ያላቸው የደከመውን አልፈው ስለሚገፉት የሚያፈስሰው እሱ ነው። ባትሪሽ ሲመለስልሽ መጀመሪያ ክዳኑን ፈትተሽ ድንጋዩን እዪ፤ ወዲያው የማትጠቀሚበት ከሆነ አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪ። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል፤ እሱ እውነት ነው። በጥርስ መንከሱ ግን ቆርቆሮውን ከመቅደድ በቀር ትርፍ የለውም። በእኛ ጊዜ ተማሪዎች ያለቀ ድንጋይ ሰብረው ሰሌዳ ያጠቁሩበት ነበር፤ አሁን አንቺ መምህርት ሆነሽ እንዲህ ሲያደርጉ ካየሽ ከልክያቸው። ጥቁሩ ዱቄት ማንጋኒዝ ያለበት ነው፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሞላው ነው። አብዛኛው ርካሽ የሚሞላ ባትሪ ውስጡ ያለው እንደ መኪናው እርሳስና አሲድ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጠላት መጠቀም አይደለም፤ ባዶውን መቀመጥ ነው። ጉልበቱ አልቆ ለሳምንታት ሳይሞላ ከተኛ እርሳሱ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርበትና ከዚያ በኋላ ቢሰኩት አይቀበልም። ስንት ሰው «ደህናውን ባትሪዬን ገድላ መለሰችልኝ» ብሎ ጎረቤቱን ሲያማ ሰማሁ! ማንም አልገደለውም። ባዶውን ትራስ ሥር ከርሞ ነው። ስለዚህ የሚሞላውን ካዋስሽ በሳምንቱ አስመልሺ፤ የተመለሰ ዕለት ደግሞ «ገና ይበራል» ሳትይ ሙዪው። እየተሞላ እያለ ደግሞ አይበራ።

ሦስተኛው ባለ ሊትየሙ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ክብ ሕዋስ የሚገባበት። ብርሃኑ የጦሳን ተራራ የሚያበራ ይመስላል። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ መሄድ የለበትም፤ በማይሆን ቻርጀር ከተሰካ እሳት ሊያመጣ ይችላል። ላዩ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካየሽ አትመኚው፤ የዚህ መጠን ሕዋስ ምርጡ ወደ 3,500 ገደማ ነው የሚይዘው። ይህን ባትሪ ለማንም አታውሺ። ሰው ስለምትጠረጥሪ ሳይሆን በየቤቱ ያለውን ቻርጀር ስለማታውቂው ነው።

4. ስታውሺ አፍ አውጥተሽ ተናገሪ፦ ለምን እንደሚፈልጉት ጠይቂ፣ መቼ እንደምትወስጂው ንገሪ፣ ለሌላ እንዳያሳልፉት አደራ በይ።

ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሽንት ቤት ደርሳ ለምትመለስ ትንሹ ይበቃታል፤ ሌሊቱን የመስኖ ተራ ጠብቆ ውሃ ለሚያጠጣ ሰው ግን የጠዋቱ ቅዝቃዜ እስኪመጣ የሚዘልቅ ያስፈልገዋል። መቼ የሚለውን ደግሞ «ስትጨርሺ» ብለሽ አትተይው፤ «ስትጨርሺ» ቀን የለውም። «ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በደጅሽ አልፋለሁ፣ ያኔ እወስዳታለሁ» በያት። መምጣቱን ለራስሽ እግር ስጪው። የተዋሰ ሰው አይመጣም፤ አዋሽ ናት የምትሄደው።

ሦስተኛው ነው ትልቁ። ያንቺ ባትሪ የጠፋው፣ ልብ ብለሽ ብትከታተዪው፣ ከወሰደችው ሴት እጅ አይደለም። እሷ ለወንድሟ ሰጠች፤ ወንድሟ ሐይቅ ሲወርድ ይዞት ሄደ፤ እዚያ አንድ አጎት «ለዛሬ ሌሊት ብቻ» አለው። አሁን ባትሪሽ ስሙን የማታውቂው ሰው ቤት ነው ያለው። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛውን ሰው ፍለጋ አትሂጂ። ጥያቄሽ ከእጅሽ ለተቀበለችው ብቻ ነው። ሰንሰለቱን እሷ ትጎትተው።

አጠቃቀሙንም አሳዪ። እንደ አንቺ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው የደሴን ጉም አያውቅም፤ ጉም ውስጥ ባትሪ ከፍ አድርጎ ፊት ለፊት ያበራ ሰው የሚያየው ነጭ ግድግዳ ነው፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኑን ይወጋዋል። ዝቅ አድርጎ ከወገብ በታች ወደ መሬት ነው። ደግሞ ዝም ብሎ አብርቶ መሄድ አዲስ ልማድ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የእጅ ባትሪ የፈጠራ መብት ሲመዘገብ ድንጋዩ ደካማ ስለነበር ብልጭ አድርጎ ማጥፋት እንጂ አብርቶ መቆየት አይቻልም ነበር። የሰፈራችን ዘበኞችም እንደዚያ ነበሩ፦ ብልጭ፣ አምስት እርምጃ፣ ብልጭ። አሁን ያለው ኤልኢዲ አምፖል ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ጉልበት ነው የሚበላው። ነጩን ብርሃን ያስገኘውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ሦስት ሊቃውንት በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሰው «አያልቅም» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አብርቶት እንዲያድር ያስለመዱትም እነሱ ናቸው።

5. ምልክት አድርጊበት። የገበያው ባትሪ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ባትሪዎችን አይተሽ እንደሆነ፣ ሲወጣ ሁሉም እጁ ያገኘውን ነው የሚያነሳው። የላዩ ቀለም በእጅ ላብ ስለሚለቅ የስምሽን ፊደል በምስማር ክዳኑ ውስጥ ጫሪ። ያዋስሽበትን ቀንም ግድግዳሽ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ጻፊ። «ዱቤ በቃሌ ይዤአለሁ» የሚል ባለሱቅ ስንት አየሁ፤ ሱቃቸው ዛሬ የለም።

መጻፍ ያሳፍርሽ እንደሆነ እድራችንን ተመልከቺ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሳህኑ ሁሉ ምልክት አለበት። ዕቃ ክፍሉ ሲያስወጣ ቆጥሮ፣ ሲያስገባ ቆጥሮ ነው፤ የጎደለ ይከፈላል። ሰው በሞተበት ቤት እንኳ ይቆጠራል። እድርን ንፉግ ያለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

6. የአጠያየቁ ነገር እንደ ሰዉ ነው። ወንድምሽን «ባትሪዬን አምጣ» በይው፣ አለቀ፤ ብትለሳለሺበት ሌላ ነገር የፈለግሽ ይመስለዋል።

ለታላላቆች ግን «መልሱልኝ» አይባልም። «እትዬ፣ ያቺን ባትሪ ለኪዳን ልወጣ ፈልጌያት ነበር» ትያለሽ። «ነበር» ስትይ ለእሳቸው መውጫ ቀዳዳ ትሰጫቸዋለሽ፤ «ውይ ልጄ፣ ረስቼው!» ብለው ክብራቸው ሳይነካ ያመጣሉ። ለኪዳን የማትሄጂ ከሆነ ግን አታስመስዪ፣ ውሸት በሰፈር ውስጥ አያድርም። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ከሁሉ የተሻለ ቃል አለሽ፣ እሱም እውነት ነው፦ «እትዬ፣ ይቺ ባትሪ ሳትሞላ ከቆየች ትሞታለች፤ ልውሰድና ልሙላት፣ ሲያስፈልግዎት ልጅ ይላኩብኝ።» ስለ ባለቤትነት አንድ ቃል ሳይነሳ ባትሪዋ እጅሽ ገባች።

አከራይሽን የቤት ኪራይ በምትከፍዪበት ቀን ጠይቂያቸው። በዚያች ዕለት ፊቱ የጠቆረ አከራይ አላየሁም።

በረመዳን ለሱሑር ለሚነሱት፣ ለተራዊህ ለሚወጡት ጎረቤቶችሽ ካዋስሽ እስከ ዒድ አትጠይቂ። የትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ የእነሱ ባትሪ እጅሽ ላይ ይገኝ ይሆናል። ወሎ ውስጥ ይህ ምክር አያስፈልግም ነበር፤ አንቺ ግን ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንሽ ጻፍኩት።

አግብተሽ አማት ስታገኚ፣ አማትሽ የወሰዱትን ባትሪ አንቺ አትጠይቂ። ልጃቸው ይጠይቅ። እሱ ካልጠየቀ ስጦታ ሆኗል፣ በደስታ ተቀበዪው።

ጓደኛ ላይ ግን እንዳትሞኚ። ሁልጊዜ የምትረሳ ጓደኛ ካለችሽ «የለኝም» አትበያት፤ «ላድርስሽ» በያት። አከራይሽ ልጅ ካላቸው እሱን አስከትለሽ እስከ አስፋልት ሸኚያት፣ ባትሪውን አንቺው ይዘሽ። ቤት የመጣን እንግዳ መሸኘት ወጋችን ነው፤ ባትሪሽም አብሮሽ ሄዶ አብሮሽ ይመለሳል። ለምንም ሰበብ መፍጠር አላስፈለገሽም።

7. ለቅሶ ቤት የሄደ ባትሪ ድንኳኑ እስኪነሳ አይጠየቅም። ምጥ ለያዛት ሴት የተፈለገ ባትሪ ደግሞ ከላይ ከጻፍኩት ሁሉ ውጭ ነው፦ ለምን፣ እስከ መቼ አትበይ። ደህናውን፣ ሙሉውን፣ ለራስሽ የደበቅሽውን ስጪ። የሚጠፋና የሚበራ ባትሪ ሰጥቶ መሸኘት ካለመስጠት ይብሳል፤ በደሴ ቁልቁለት መሃል ሲጠፋ የሚሆነውን አስቢው።

8. ስልክሽን እንደ ባትሪ አታውሺ። ድሮ ስልክ ስልክ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለበት፤ ገንዘብሽ፣ ምስጢርሽ፣ የደመወዝሽ መልእክት ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋም ስልክሽ ሲዘጋ ሰው መጥራት አትችዪም።

9. ሁለት ይኑርሽ። አንዱ ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠልጠል፣ ለሰው የሚወጣው እሱ ነው። ሌላው ቦታው አልጋሽ ራስጌ ነው፣ ማንም አያየው። በጨለማ ዳብሶ ያልተገኘ ባትሪ የሚገኘው መብራት ከመጣ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

10. ለልጅ እጅ አትስጪ፣ በልጅም አትላኪ። መንገድ ላይ የሰው ዓይን ውስጥ እያበራ ይጫወትበታል፤ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ለማን እንደሰጠ አያስታውስም።

11. አንቺም ባትሪ በውሰት የምትወስጂበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሳትጠየቂ፣ የበላሽውን ድንጋይ በአዲስ ተክተሽ አድርሺ። እንዲህ የምትመልስ ሴት በሰፈሩ ባትሪ ተከልክላ አታውቅም፤ ያንቺንም ይዞ የሚቆይ አይኖርም፣ ያፍራል።

12. በቀን ጠይቀሽ፣ ደግመሽ ጠይቀሽ ካልመጣ ተዪው፤ ሦስተኛ አትጠይቂ፣ ለሌላ ሰውም አታውሪው። የዚያችን ሴት ስም ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ እንዳለ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ ቀፎ ትወስዳለች። አሁን ሌላ ባትሪ ግዢ፣ ድንጋዩንም ጨምረሽ። ሰኔ ሳይገባ ግዢ፤ ክረምት ገብቶ መብራት መቆራረጥ ሲጀምር ሁሉም ባንድ ቀን ስለሚመጣ ድንጋይ ከሱቅ ያልቃል።